ካሊበሩን ተዉትና አረሩን ንገሩኝ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ከጅማ ነው። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራችሁ ስለ አደን ጥይት ነው።

አንድ ወዳጅ አለኝ። ባሌ በኩል ከሳፋሪ አዳኞች ጋር ይሠራል። ሥራው ዱካ መከተል ነው። ጅማ ሲመጣ ፈረንጅ አራዳ ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣለን። የአደን ጨዋታ ሲነሳ ሰዉ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ትልቁ መሣሪያ የቱ ነው? ስንት ካሊበር ነው?" እሱ ሁልጊዜ "መጀመሪያ አረሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቁኝ" ይላል። እኔም ከእሱ ጋር ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አረር ማለት ጥይቱ ሲተኮስ ከአፈሙዙ የሚወጣው ክፍል ነው። ካሊበር የሚነግራችሁ የእሱን ውፍረት ነው። .308 እና .30-06 የሚባሉትን የአደን ጥይቶች ውሰዱ። የሁለቱም አረር ውፍረት አንድ ነው፣ 7.8 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሚለያዩት በቀለሁ፣ ማለትም ባሩዱን በሚይዘው ቀፎ፣ እና በባሩዱ ነው። ከአንዱ ሳጥን የወጣ አረር ግን እንስሳው ውስጥ ሲገባ እንደ እንጉዳይ ይከፈታል። ከሌላው የወጣው ቅርጹ ሳይለወጥ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ጠመንጃው ያው ነው፤ የእንስሳው አሟሟት ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

እኛ አገር ጥይት ሲባል ብዙ ሰው ፊት ድቅን የሚለው የክላሽ ጥይት ነው። እሱ የጦር ሜዳ ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 ሄግ ላይ የተፈረመ ስምምነት ሰውነት ውስጥ የሚከፈት አረርን ከጦርነት ከልክሏል። ስለዚህ የወታደር አረር ጫፉን ጨምሮ በጠንካራ ብረት ይሸፈናል። አደን ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በጦርነት የተከለከለው አረር ለድኩላ ምሕረት ነው፤ ቶሎ ይጥለዋል። ሽፍኑ ግን ቀጭን ቀዳዳ ትቶ ያልፋል፣ እንስሳው ደሙን እያንጠባጠበ ኪሎ ሜትሮች ይሄዳል።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከከተማ ወጣ ብላችሁ በበለጠ ጌራ ደን ዳር ያሉ ገበሬዎችን ጠይቁ። የጫካ አሳማና ዝንጀሮ በቆሏቸውን ይጨርሱባቸዋል። ሌሊቱን ማማ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ያለፈቃድ አደን ወንጀል መሆኑን ታውቃላችሁ፣ እሱን ላበረታታ አይደለም። ግን አሳማ በተገኘው ጥይት ሲተኮስበት እንሰማለን። የአሳማ ሥጋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አይበላም። ስለዚህ ተመትቶ ቢያመልጥ ማንም ዱካውን አይከተልም። ይህ ያሳዝነኛል። አይበላም ማለት አይሰማውም ማለት አይደለም። ደግሞ አደጋም አለው። ቆስሎ ቡና ውስጥ የተኛ አሳማ በማግስቱ የሚገጥመው ለቀማ የወጡትን ሴቶች ነው።

እሺ፣ የትኛው አረር ለየትኛው? ክብደቱ የሚለካው በግሬን ነው። 1 ግራም 15 ግሬን ተኩል ያህል ነው። .270 ለሚባለው ጥይት የተለመደው 130 ግሬን ነው፣ ጫፉ እርሳስ የሆነ፣ የሚከፈት። ለድኩላና ለመሰለው ይበቃል። ደጋ አጋዘን ሌላ ነው፤ ወንዱ እስከ 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ወዳጄ .30-06 ይዞ ለሚመጣ አዳኝ 180 ግሬን ይመርጣል። ያውም እርሳሱና ሽፋኑ የማይለያዩበትን ዓይነት።

እዚህ ላይ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1946 ጆን ኖስለር የሚባል አሜሪካዊ ካናዳ ውስጥ ሙስ ሊያድን ሄደ። ሙስ ትልቁ የአጋዘን ዘር ነው። አረሩ በጣም ፈጣን ስለነበር ገና ላይ ላዩን ተበታተነ፣ ወደ ውስጥ አልዘለቀም። ኖስለር ከዚያ በኋላ መሐሉ ላይ ግድግዳ ያለው አረር ሠራ። የፊቱ ይከፈታል፣ የኋላው እንዳለ ሆኖ ይገፋል። እስካሁን ይሸጣል።

ጎሽ ጋ ስንመጣ ጨዋታው ይለወጣል። በብዙ የአፍሪካ አገሮች ለእንዲህ ዓይነቱ አደገኛ እንስሳ ዝቅተኛው .375 ነው። ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1912 ያወጣው ማለቴ ነው። አረሩ 300 ግሬን ነው። ብዙ አዳኞች መጀመሪያ የሚከፈተውን ይተኩሳሉ፣ ከኋላው የማይከፈተውን ያስከትላሉ። ምክንያቱም ጎሹ ዞሮ ሲሮጥ አረሩ ረጅም ሥጋና አጥንት ማለፍ አለበት።

"ታዲያ ያ ቤል የሚባለው ዝሆኑን ሁሉ በትንሽ ጠመንጃ አልጨረሰም ወይ?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ስኮትላንዳዊው ቤል በእኛም ምዕራብ፣ በጊሎ ወንዝ በኩል አድኗል። በሕይወቱ ከሺህ በላይ ዝሆን ገድሏል። ቁጥሩን ሳስበው ይከብደኛል። አብዛኛውን የገደለው በ7 ሚሊ ሜትር ማውዘር ነው። አረሩ ግን 173 ግሬን፣ ረጅምና ሽፍን ነበር። የዝሆን ጭንቅላት በመጋዝ አስቆርጦ አንጎሉ የት እንዳለ አጥንቷል። የሚከፈት አረር ቢተኩስ አጥንቱ ላይ ይቀርበት ነበር። እንግዲህ ድኩላ ላይ የወቀስነው ሽፍን አረር ዝሆን ላይ ትክክለኛው ሆነ። ካሊበሩ ብቻውን ምን ይነግረናል?

የአያቶቻችን ውጅግራም እንዲሁ ነው። 11 ሚሊ ሜትር፣ 25 ግራም ንጹሕ እርሳስ፣ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ። ዝግ ያለ ስለሆነ ሽፋን አላስፈለገውም።

እርሳስን ካነሳን አይቀር፣ አሁን ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የሚሠራ አረር አለ። እርሳስ ሲበታተን ስብርባሪው ከቁስሉ ራቅ ብሎ ሥጋው ውስጥ ይቀራል። ሜዳ ላይ የተጣለውን አንጀት የሚበላ ጥንብ አንሳ ይመረዛል። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ በእርሳስ ጥይት ማደንን ከልክላለች። እኔ እኛም አገር ቢለመድ ደስ ይለኛል፤ ጥንብ አንሶቻችን ሌላም ብዙ መከራ አለባቸው።

መዳብ ግን ከእርሳስ ይቀላል። በአንድ ክብደት የመዳቡ አረር ይረዝማል። ረጅም አረር ደግሞ በርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ መስመር በበቂ ካላሽከረከረው ይዋልላል። ስለዚህ 180 የለመደ ሰው በመዳብ 165 ወይም 150 ቢወስድ ይሻለዋል። የሚያርፍበት ቦታም ይለወጣል። ሳጥን በቀየራችሁ ቁጥር፣ ክብደቱ አንድ ቢሆን እንኳ፣ ኢላማ ላይ እንደገና መተኮስ ግድ ነው። ወዳጄ ይህን ያላደረገ አዳኝ ይዞ ከካምፕ አይወጣም። አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የመጣ ቢሆንም።