ወንፊት እንዋሳለን፣ ጨው እንበደራለን

የተከበራችሁ የእንግሊዝኛ መምህራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

ሰባተኛ ክፍል እያለሁ እስክሪብቶዬ አለቀብኝ። እጄን አወጣሁና አስተማሪያችንን «ካን ዩ ቦሮው ሚ ዩር ፔን?» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሳቸውም አብረው ሳቁ። ዓመቱን ሙሉ ድጋሚ እጄን አላወጣሁም። ዛሬ እኔም አስተማሪ ነኝ፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በየዓመቱ እሰማለሁ።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ተቀባዩ «ቦሮው»፣ ሰጪው «ሌንድ» ያደርጋል፤ እኔም «ሌንድ ሚ» ማለት ነበረብኝ። እኛም ተዋሰ እና አዋሰ አለን። ግን የእኛዎቹ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ «ተ» በ«አ» ትቀየራለች፣ አለቀ። የእንግሊዝኛዎቹ ዝምድና የላቸውም። ስለዚህ ልጁ አንዱን ያጠናና ለሁለቱም ይገለገልበታል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ አካባቢ፣ አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱ ሰዎች እንኳ «ቦሮው ሚ» ሲሉ ይሰማል።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። እናቴ ጎረቤት ስትልከኝ «ወንፊት አውሱን በላቸው» ትለኝ ነበር። ጨው ሲያልቅ ግን «አንድ ሲኒ ጨው አበድሩን በላቸው» ነው። አንድም ቀን ተምታቶባት አያውቅም። ወንፊቱ ራሱ ይመለሳል። ጨው ግን ወጥ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ የሚመለሰው ሌላ ጨው ነው። ብርም እንደዚያው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ማዋስንና ማበደርን ለየብቻ ነው የደነገጋቸው። እንግሊዝኛ ግን ለወንፊቱም፣ ለጨውም፣ ለብሩም «ቦሮው» ይበቃዋል። ያ የተሳቀበት ልጅ እኮ አራት ቃል ይዞ ነው ክፍል የገባው! ተዋሰ፣ አዋሰ፣ ተበደረ፣ አበደረ።

ደግሞ «ቦሮው» የመጣው ከጥንቱ እንግሊዝኛ «ቦርግ» ነው። ዋስ ወይም መያዣ ማለት ነው። «ተዋሰ» የሚለውን ቃላችንን እዩት፤ «ዋስ» መሀሉ ቁጭ ብሏል። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍላቸው ከኋላ ወንበር ያሉት ሳይቀሩ ቀና ይላሉ።

እባካችሁ፣ ሰኞ ክፍል ስትገቡ አንድ እስክሪብቶና አንድ ሲኒ ስኳር ያዙ። መጀመሪያ በአማርኛ ይጠያየቁ። አራቱን ቃል ጻፉ። ከተዋሰና ከተበደረ ሥር «ቦሮው»፣ ከአዋሰና ከአበደረ ሥር «ሌንድ» ይግባ። አንዱ ልጅ «ቦሮው ሚ» ካላችሁ ደግሞ አስቀድማችሁ እስክሪብቶውን ስጡት። ከዚያ ታርሙታላችሁ።

አመሰግናለሁ።