ጥር ላይ የፈረምኩት አፈር

የተከበራችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ ኮንትራክተሮች፣ ተመራቂ ልጆቻችን፤ እንደምን ዋላችሁ።

የተጋበዝኩት ስለ አፈር ላቦራቶሪ ሥራችን እንድናገር ነው። እናገራለሁ፤ አስቀድሜ ግን አንድ ጉድጓድ አለብኝ።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ በወርሃ ጥር፣ እዚሁ ጅማ ዳርቻ ቀይ አፈር ላይ ለድጋፍ ግንብ መሠረት አስቆፈርን። የጉድጓዱ ጎን ቀጥ ብሎ ቆመ። በጥፍሬ ብጭረው እንቢ አለኝ። የቀን ሠራተኛው «ኢንጂነር፣ ይሄማ ብረት ነው» አለኝ። እኔም አምኜ ፈረምኩ። ክፍያ ዘገየና ሥራው ቆመ፤ ጉድጓዱ አፉን እንደከፈተ ግንቦት ገባ። ሦስት ቀን በተከታታይ ዘነበ፤ በአራተኛው ጠዋት ጎኑ እንዳለ ተንዶ ጉድጓዱን ሞልቶት አገኘነው። ፈጣሪ ይመስገን፣ ውስጡ ሰው አልነበረም። አፈሩን ጨበጥኩት፤ በጣቶቼ መሃል ሾለከ። ያው በጥር ወር ብረት የተባለው አፈር!

በበጋ በቅንጣቶቹ መሃል የቀረችው ጥቂት ውሃ ወደ ራሷ እየሳበች አጣብቃ ትይዛቸዋለች። ሰክሽን የምንለው ይህንን ነው። ዝናብ ሲሰርግ ሰክሽኑ ይረግባል፤ ከእሱ የተገኘው ጥንካሬም አብሮ ይሄዳል። የአፈር ምሕንድስና ተመራማሪው ቢሾፕ እ.ኤ.አ. በ1959 ይህን ጉልበት ስሌት ውስጥ አስገባው፤ ሌላው ተመራማሪ ፍሬድሉንድና ባልደረቦቹ በ1978 የሰክሽንን ድርሻ ለብቻው የሚያሳይ ቀመር ሰጡን። አዲስ ወሬ አይደለም!

ታዲያ ዛሬም ጠረጴዛዬ ላይ ሪፖርት ይመጣል። የአፈሩ የመሸከም አቅም በኪሎፓስካል፣ በግፊት መለኪያ፣ ተጽፏል፣ ማኅተሙ አለ። ናሙናው የተወሰደበት ወር የለም፣ እርጥበቱ የለም! ከመጋቢት እስከ መስከረም በሚዘንብባት ጅማ! «በጀት የሚለቀቀው በበጋ ነው» ይሉኛል። ይለቀቅ! በበጋ ቆፍሩ፣ ናሙናውን ግን በውሃ አጥግባችሁም ፈትኑት! እርጥበት ለመለካት የሚያስፈልገው አንድ ጣሳ፣ አንድ ሚዛን፣ በ105 ዲግሪ የሚያድር ምድጃ ነው። ይህ የሚጠፋበት ላቦራቶሪ አለ?

አፈር ሲረጥብ ስለሚያሳየው የቅርጽ ለውጥም ባጭሩ ልበል። ጥቁር አፈር ቀለል ያለ ቤት ከተሠራበት፣ ሲረጥብ አብጦ በረንዳውን ያነሳል፤ በሩ አልዘጋ ይላል። ልል አፈር ደግሞ ከብዶት ከቆየ ሲረጥብ ድንገት ይሰምጣል። ስለዚህ የጣሪያውን አሸንዳ ውሃ ከመሠረቱ አርቁ።

ተመራቂዎች፣ ከነገ ጀምሮ ወርና እርጥበት ያልተጻፈበት ሪፖርት ይዛችሁልኝ ብትመጡ አልፈርምም። አመሰግናለሁ።