ተመልሶ ውቅያኖስ ያልተሻገረው ገንዘብ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ያለኝን ነገር ላጫውታችሁ።

ፍራንክፈርት የምትኖሩ ፓልመንጋርተንን ታውቁታላችሁ፣ የዕፅዋት መናፈሻውን። ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል ነው የማልፈው። አጠገቡ የአንድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት አለ፤ ካኤፍቬ ይባላል። አገር ቤትም በልማት ሥራ ስሙን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ለዓመታት ዝም ብዬ ነው ያለፍኩት። በምን ገንዘብ ሥራ እንደጀመረ ያወቅሁት በቅርቡ ነው።

ነገሩ ከማርሻል ፕላን ይነሳል፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካ አውሮፓን መልሶ ለማቋቋም ካወጣችው የእርዳታ ዕቅድ። ጁን 5 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጆርጅ ማርሻል ሃርቫርድ ላይ አጭር ንግግር አደረጉ። አውሮፓ ከዚያ ክፉ ክረምት ገና መውጣቷ ነው። ማርሻል ይህን ያህል ዶላር እንሰጣለን አላሉም። ዕቅዱ ከእናንተ ከአውሮፓውያን ይምጣ፣ ተስማምታችሁ አምጡት ነው ያሉት። በወሩ 16 አገሮች ፓሪስ ላይ ተሰበሰቡ። ሶቪየቶቹ አስቀድመው ጥለው ወጥተዋል። እስቲ አስቡት፤ በ1940 ግሪክን የወረረችው ጣሊያን፣ ከግሪክ ጋር አንድ ጉባኤ ተቀምጣ የጎደላትን ስታስመዘግብ!

እኔን የገረመኝ ግን አሠራሩ ነው። አንድ የፈረንሳይ ገበሬ ትራክተር ፈለገ እንበል። ትራክተሩ ከአሜሪካ በመርከብ ይመጣል፤ ለፋብሪካው ዶላሩን የሚከፍለው የአሜሪካ መንግሥት ነው። ገበሬው ደግሞ ዋጋውን በአገሩ ፍራንክ ይከፍላል። ያ ፍራንክ፣ ከጥቂቱ በቀር፣ ውቅያኖስ አይሻገርም። መንግሥቱ በልዩ ሂሳብ ያስቀምጠውና ከአሜሪካኖቹ ጋር እየተስማማ የኃይል ማመንጫ ይሠራበታል፣ የከሰል ማዕድን ያድስበታል። አንዱ ገንዘብ ሁለቴ ሠራ ማለት ነው።

ጀርመኖቹ ከዚህም አለፉ። ገንዘቡን አበደሩት፤ ሲመለስ ለሌላ አበደሩት። ካኤፍቬም በ1948 የተቋቋመው ለዚሁ ለመልሶ ግንባታው ብድር ነው። ያ ፈንድ ዛሬም አላለቀም፤ አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች አሁንም ይበደሩበታል።

ይህን ሳነብ እቁባችን ነው ትዝ ያለኝ። በወር አንድ እሑድ ቡናው ይፈላል፣ የተጠቀለሉት ወረቀቶች ሲኒ ውስጥ ይነቀነቃሉ፣ ዕጣውን ከቤቱ ሕፃን አንዱ ያወጣል። አምና የደረሳት እህታችን የልብስ ስፌት መኪና ገዛችበት፤ እሷም እስከ መጨረሻው ዙር ሳታጓድል ጣለች። የማርሻሉ መነሻ ገንዘብ ከአባላቱ ኪስ አልመጣም፣ ልክ ነው። ግን እየዞረ ሰው ማቋቋሙ አንድ ነው።

አሜሪካ 13 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣችው ለጽድቅ ብቻ ነው አልልም። አውሮፓ ዶላር ካጣች የአሜሪካን ዕቃ አትገዛም፤ የኮሙኒዝም ሥጋቱም ነበር። ቢሆንም የራስን ጥቅም ከሌላው መቋቋም ጋር አስተሳስሮ ማየት ትልቅ ብልህነት ነው ብዬ አምናለሁ።

በጁላይ 2025 ትራምፕና የአውሮፓ ኮሚሽን ፕሬዚዳንት ኡርዙላ ፎን ዴር ላይን ስኮትላንድ ላይ ስለ ንግድ ሲስማሙ ዜናውን እራት እየሠራሁ ሰማሁ። አሜሪካ በሚገባው በአብዛኛው የአውሮፓ ዕቃ ላይ 15 በመቶ ቀረጥ። የባሰው ቀረ ብሎ የተነፈሰ ብዙ ነው። እኔ ግን ከፋኝ፤ ወሬው ሁሉ ማን ማንን በለጠ ሆነብኝ። ፓሪስ ላይ እኮ መጀመሪያ የተጠየቀው ምን ጎደላችሁ የሚል ነበር።

አሁን ለዩክሬን መልሶ ግንባታ የማርሻል ፕላን ስም በተነሳ ቁጥር ስንት ቢሊዮን ይባላል። እኔ ልሰማ የምፈልገው ሌላ ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣው ማነው? ከማን ጋር ተቀምጦ? የተበደረው ሲመልስስ፣ ገንዘቡ የት ያድራል?

የምታውቁት ካለ ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው አሰማዋለሁ። ቸር እንሰንብት።