ከቀለሙ በፊት፦ አንጎልን ለምርመራ ማቆየት (የአድማጮች ጥያቄና መልስ)

ባለፈው ዝግጅት ከሞተ ሰው የተወሰደ አንጎል በቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምን እንደሚናገር አውርተን ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ፋታ አላገኘም። ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናትና ጥያቄዎቹ ጠንከር ያሉ ናቸው። ሁሉም ግን ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ይገናኛሉ፦ ስላይዱ ላይ (ስስ ቁራጩ በተዘረጋበት መስታወት ላይ) የምናየው ነገር አብዛኛው የሚወሰነው ገና ቀለሙ ሳይነካው ነው።

ከማራኪ የደወለ የላቦራቶሪ ተማሪ፦ ዶክተር፣ አንዱ መምህር 10 በመቶ ፎርማሊን ይለናል፣ ሌላው 4 በመቶ ፎርማልዴሃይድ። የቱን እንያዝ? አንጎልስ ለምን ሳምንታት ይቆያል?

ወንድሜ፣ ሁለቱም መምህራን ልክ ናቸው። ፎርማሊን አንጎሉ እንዳይበሰብስ የሚያጠነክረው ፈሳሽ ነው፤ ከፋብሪካ የሚመጣው ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ የሚባል ኬሚካል አለው። አንድ እጅ ፎርማሊን በዘጠኝ እጅ ውሃ ስታቀጥነው 10 በመቶ ፎርማሊን ይባላል፤ ውስጡ ያለው ፎርማልዴሃይድ ግን ወደ 4 በመቶ ነው። ጠርሙሱ ላይ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የየትኛው እንደሆነ ጻፍ። ቀኑንም አትርሳ።

ውሃ ብቻውንም አይበቃም። ለአንድ ሊትር 100 ሚሊ ሊትር ፎርማሊን፣ 900 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 4 ግራም ሞኖሶዲየም ፎስፌት እና 6.5 ግራም ዳይሶዲየም ፎስፌት ነው አሠራሩ። ጨዎቹ ፈሳሹ አሲድ እንዳይሆን ይይዙታል። ለምን እንደሚያስፈልግ ቀጥሎ ካለው ጥያቄ ታየዋለህ።

አንጎል ሲወጣ እንደ ለጋ ቅቤ ነው፤ ያስቀመጥክበትን ዕቃ ቅርጽ ይይዛል። ባልዲ ውስጥ ጣል ካደረግከው ታችኛው ጎኑ ይጨፈለቃል፣ እንደተጨፈለቀም ይጠነክራል። ስለዚህ ከግርጌው ባለው ባዚላር በሚባለው የደም ስር ሥር ክር ይገባል። የክሩ ሁለት ጫፍ ከዕቃው አፍ ጋር ይታሰርና አንጎሉ ተገልብጦ፣ ወለሉን ሳይነካ ፈሳሹ ውስጥ ይንጠለጠላል። ፈሳሹ ቢያንስ የቲሹውን (የሚጠነክረውን የአካል ክፍል) አሥር እጥፍ ይሁን። 1.3 ኪሎ ለሚመዝን አንጎል 13 ሊትር ገደማ ማለት ነው። በማግስቱ ደሙ ፈሳሹን ያደፈርሰዋልና ይቀየር። ፎርማሊን ወደ ውስጥ የሚገባው ቀስ እያለ ነው፤ መሀሉ እስኪደርስ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወስዳል። ቸኩለህ ከቆረጥከው ውጭው ጠንክሮ መሀሉ ገና ሮዝና ልል ሆኖ ታገኘዋለህ።

ጓንት አድርግ፣ መስኮቱን ክፈት። ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ መሆኑ የተረጋገጠ ነው፤ "ለምጄዋለሁ" የሚባልለት ነገር አይደለም።

ከሆስፒታል ላቦራቶሪ የደወለች ባለሙያ፦ ከመተማ በረሃ የመጣ፣ በወባ የሞተ ሰው ስላይድ ላይ ቡናማ ጥቋቁር ነጥቦች አየን። አንዱ የወባ ነው አለ፣ ሌላው ቆሻሻ ነው አለ።

እህቴ፣ ይህን ጥያቄ በጣም ነው የወደድኩት። እኛ አካባቢ ላለ ባለሙያ ከዚህ የበለጠ የሚያሳስት ነገር ጥቂት ነው።

ፎርማሊን ቅድም ባልናቸው ጨዎች ሳይያዝ ሲቀር አሲድ ይሆናል። አሲድ የሆነ ፎርማሊን ደምን ከሚያቀላው ሂሞግሎቢን ጋር ሲገናኝ ቡናማ ጥቁር ደለል ይፈጥራል፤ የፎርማሊን ፒግመንት እንለዋለን። የወባ ተውሳክም ሂሞግሎቢን በልቶ የሚተወው ዝቃጭ መልኩ ከዚህ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል። በፖላራይዝድ ብርሃን (በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚወዛወዝ ብርሃን) ሁለቱም ያበራሉ። አልኮል ውስጥ የሟሟ ፒክሪክ አሲድ ሁለቱንም ያጠፋቸዋል። ስለዚህ "አጥበነው ጠፋ፣ ወባ አልነበረም" ማለት አይቻልም።

የሚለያቸው ቦታቸው ነው። አንድ ትንሽ የደም ስር ፈልጊና በትልቁ ሌንስ ቆም ብለሽ እዪው። በአንጎል ወባ ቀጫጭኖቹ የደም ስሮች በቀይ የደም ሴሎች ታጭቀው ይታያሉ፤ ጥቁሩ ነጥብም እዚያው ሴሉ ውስጥ ነው ያለው። የፎርማሊኑ ግን ደም ባለበት ሁሉ ያለ ሥርዓት ይበተናል፤ ብዙ ጊዜም ከቲሹው በላይ ተቀምጦ ስለሚታይ ፎከሱን ስታንቀሳቅሺ ነጥቡ ሲጠራ ቲሹው ይደበዝዛል።

ፒክሪክ አሲድ የምትጠቀሙ ከሆነ ሁልጊዜ እርጥብ ይሁን። ከደረቀ ይፈነዳል።

ከአራዳ የደወሉ እናት፦ ልጄ፣ የሟች ጭንቅላት ተከፍቶ ፊቱ ሊታይ ነው? ቀብርስ እንዴት ይሆናል?

እናቴ፣ ፊት አይነካም። የሚቆረጠው ከአንዱ ጆሮ ጀርባ እስከ ሌላው፣ በአናት በኩል ነው። ሲያበቃ ይሰፋል፤ ፀጉርና ከፈኑ ይሸፍነዋል።

ስለ ቀብሩ ግን ሳልሸፋፍን ልንገርዎት። አንጎሉ ሙሉውን ይቆይ ከተባለ ቅድም እንዳልኩት ሳምንታት ይፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ዛሬ ወይ ነገ ነው የምንቀብረው፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም። ስለዚህ አንጎሉ ከአስከሬኑ ጋር ላይቀበር ይችላል። ይህ ለቤተሰብ አስቀድሞ፣ በግልጽ መነገር አለበት። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ፊርማ ብቻ አይጠየቅም፤ ተቀምጠው ያስረዱታል። ሌላም መንገድ አለ፤ ከተመረጡ ቦታዎች ትንንሽ ቁራጭ ተወስዶ ቀሪው በዚያው ሰዓት ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህንን ምርጫ መጠየቅ መብትዎ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ውሳኔው እስኪመጣ አስከሬኑ ወደ 4 ዲግሪ በሚጠጋ ቅዝቃዜ ቢቆይ ብዙ ነገር ይተርፋል። በሙቀት ከዋለ ሴሎቹ ራሳቸውን መፍጨት ይጀምራሉ። ከኋላ በኩል ባለው በትንሹ አንጎል (ሴሬቤለም) ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሴሎች ቀድመው ከሚጠፉት ናቸው፤ ያኔ በሽታ ይሁን መዘግየት መለየት ይቸግራል።

ከአዘዞ፦ በፎርማሊን ከምንለፋ ለምን ዝም ብለን አናቀዘቅዘውም?

መብራቱ ካልጠፋ መልካም። ለአር.ኤን.ኤና ለብዙ ፕሮቲኖች የቀዘቀዘ ቲሹ ይሻላል፤ ስብን ለማቅለምም እንደዚያው፣ ምክንያቱም የፓራፊኑ መንገድ (ቲሹውን በሰም ውስጥ ማስቀመጥ) በአልኮልና ስብ በሚያሟሟው ዛይሊን ስለሚያልፍ ስቡን ያጥበዋል። ግን የቤት ፍሪጅ በረዶ ቤት ውስጥ ቀስ እያለ የቀዘቀዘ አንጎል ውስጡ በረዶ ያበጃል፤ ስላይዱም ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። መቀዝቀዝ ያለበት በቅጽበት ነው፤ ከዚያ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቆያል። አንዴ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ቲሹ ብዙም አይጠቅምም።

እኔ እዚህ ብሆን የምመርጠው ይህን ነው፦ ቋሚ ጄኔሬተር ከሌለ በፎርማሊን ይጠንክር፣ ከዚያ ዋና ዋናዎቹ ቦታዎች ቶሎ በፓራፊን ብሎክ ይያዙ። ብሎክ መብራት አይፈልግም፣ መደርደሪያ ላይ ዓመታት ይቆያል። ፎርማሊን ውስጥ ለዓመታት የተረሳ አንጎል ግን አንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ መፈለጊያ) እየከለከለ ይሄዳል፤ ፎርማሊኑ ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ስለሚያስተሳስራቸው አንቲቦዲው የሚይዝበት ቦታ ይሸፈናል። በሲትሬት ቡፈር ማፍላት በከፊል ይመልሰዋል፣ ሁሉንም አይደለም።

ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ የደወሉ አባት፦ ልጄን የነከሰውን ውሻ ገደልነው። አንጎሉን ፎርማሊን ውስጥ ላስገባው?

አይሆንም አባቴ፣ እዚህ ላይ ፎርማሊኑን ይተዉት። ድሮ የእብድ ውሻ በሽታ ይታወቅ የነበረው ጣሊያናዊው ኔግሪ እ.ኤ.አ. በ1903 የገለጻቸውን በሴል ውስጥ ያሉ ነጠብጣቦች በቀለም በመፈለግ ነበር፤ እነሱ ግን በሁሉም የታመመ ውሻ ላይ አይታዩም። የዛሬው ምርመራ ፍሎረሰንት አንቲቦዲ (የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት አንቲቦዲ) ነው፤ ያልተነካ፣ ትኩስ አንጎል ይፈልጋል። ጭንቅላቱን እርስዎ አይክፈቱ፣ አይደብድቡትም። ለእንስሳት ሐኪም ይደውሉ፤ እሱ በበረዶ ይልከዋል። በረዶ ከሌለ ባለሙያው ቲሹውን ግማሹ ግሊሰሪን በሆነ የጨው ፈሳሽ ውስጥ ማቆየት ይችላል።

ልጁ ግን ውጤት አይጠብቅ። ቁስሉ አሁኑኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፤ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድና ክትባቱን ይጀምር። ጸበሉም ጸሎቱም ይቀጥል፣ ክትባቱን ግን አይተካውም። ውሻው ነጻ ነው የሚል ውጤት ከመጣ ሐኪሙ ክትባቱን ሊያቋርጠው ይችላል።