መጣያው ተዘግቷል፣ ፍሳሹስ?

የተከበራችሁ የከተማችን ነዋሪዎች፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

ስለ አሮጌው ቆሻሻ መጣያ ልናገር ነው የመጣሁት። «እሱማ ተዘጋ እኮ!» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፣ መኪና መድፋቱን አቁሟል። አፈር ለብሶ ሣር በቅሎበታል። ከሥር ግን የዓመታት ጉዳችን አለ፤ የባትሪ ድንጋይ፣ የቀለም ጣሳ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ ፌስታል። ዝናብ ሲገባበት ያንን ሁሉ አጥቦ ይወርዳል።

መስከረም ላይ ወደ ታችኛው ጫፍ ወርዳችሁ እዩት። ጥቁር ውኃ ይንጠባጠባል፤ ላዩ ዘይት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። በጎቻችን ከዚያው ይጠጣሉ።

«መሬታችን መረሬ ነው፣ ውኃ አያሳልፍም» ትሉኝ ይሆናል። ክረምት ላይ እውነት ነው፤ ሲርስ ያብጥና ይገጥማል። በጋ ላይ ግን እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ዝናብ በዚያ ስንጥቅ ነው ቁልቁል የሚሄደው። ታች ደግሞ የጉድጓድ ውኃችን አለ።

እናቶች፣ ውኃ ማፍላት ጀርም ይገድላል። እርሳስ የሚባለውን ብረት ግን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው ተንኖ ሲያንስ እርሳሱ ይበረታል። አይታይም፣ አይሸትም። የሚጎዳው የልጆችን አእምሮ ነው፤ ለልጅ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል መጠን አልተገኘለትም።

መጋቢት 2 ቀን 2009 የአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር ቆሼ ተደርምሶ ከ100 በላይ ሰው ሲያልቅ አገር አለቀሰ። የእኛው ስለማይጮህ ረሳነው።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ውኃው ይመርመር። ከመጣያው በላይ ካለ ጉድጓድም፣ በታች ካለውም ይቀዳ፤ የላዩ ከሌለ የታችኛው ከምን ጋር ይነጻጸራል? በበጋ መጨረሻ አንዴ፣ ክረምት ሲወጣ ደግሞ አንዴ። ውጤቱ በአማርኛ ተጽፎ ቀበሌ በር ላይ ይለጠፍ። እስከዚያ ቦታው ላይ ቤት አይሠራ፤ ከሥር የሚብላላው ቆሻሻ ሚቴን ያወጣል፣ ሚቴን ደግሞ እሳት ይይዛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢ የሁሉም ሰው መብት ነው ይላል። ስለዚህ ይሉኝታ አይያዘን።

ጉድጓድ ያላችሁ፣ ስትወጡ በሩ ላይ ላለችው ልጅ ስማችሁን አስመዝግቡ። ጥልቀቱን የምታውቁም ንገሯት። ከመጣያው በታች የምትኖሩ ደግሞ፣ እስኪመረመር ለመጠጥ የቧንቧ ውኃ ተጠቀሙ፤ የጉድጓዱ ለልብስ ይሁን።

አመሰግናለሁ።