የማይታመን ባቡር ከተሳፋሪው ላይ የሚወስደው ጊዜ

[ምስል፦ በሰው የተጨናነቀ የባቡር መሳፈሪያ፤ ከላይ «3 ደቂቃ» የሚል የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ]

ከጣቢያው ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለው ሰሌዳ የሚቀጥለው ባቡር በ3 ደቂቃ ውስጥ እንደሚደርስ ያሳያል። ቦርሳዎን አስተካክለው ወደ መሳፈሪያው ጠርዝ ጠጋ ይላሉ። ከ4 ደቂቃ በኋላ ቀና ብለው ሲመለከቱ ሰሌዳው አሁንም 3 ደቂቃ ይላል። ሰው ከኋላ እየጨመረ፣ ትከሻ ለትከሻ እየተጠጋጋ ይሄዳል፤ ሁሉም ሰዓቱን ያያል፣ ሁሉም ወደ ጨለማው ዋሻ አንገቱን ያሰግጋል። በዚህች ቅጽበት እያንዳንዱ ሰው በልቡ የሚያወጣ የሚያወርደው «ልጠብቅ ወይስ ወጥቼ ሌላ መጓጓዣ ልፈልግ?» የሚለውን ጥያቄ ነው፤ ለመወሰን የሚያስችለው መረጃ ግን በእጁ የለም።

በዚህ ቪዲዮ የምንመለከተው፣ በትልቅ ከተማ ውሎውን በባቡር ላይ የመሠረተ ሰው ባቡሩ እምነት የማይጣልበት ሲሆን ምን እንደሚያጣ፣ መዘግየቱም ከየት ተነሥቶ እንዴት እንደሚባዛ ነው። ከመዘግየቱ ይልቅ መቼ እንደሚዘገይ አለመታወቁ የበለጠ ይጎዳል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን በቀላል ስሌት ላሳይ።

አንድ ጉዞ ሁልጊዜ 40 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነ ተሳፋሪው ከቤቱ 40 ደቂቃ ቀድሞ ይወጣል፤ መንገዱ ቢረዝምም ኑሮውን በዚያው ልክ ያደላድላል። ሌላው ጉዞ ደግሞ በአብዛኛው ቀን 30 ደቂቃ፣ አልፎ አልፎ ግን 50 ደቂቃ የሚፈጅ ነው እንበል። በአማካይ ሲታይ ፈጣኑ ይህኛው ነው። ይሁን እንጂ ማርፈድ የማይችል ሰው ክፉው ቀን የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ በየቀኑ 50 ደቂቃ ቀድሞ ለመውጣት ይገደዳል። ባቡሩ በሰዓቱ በመጣበት ቀን ሳይቀር 20 ደቂቃ ከእንቅልፉ ወይም ከቤተሰቡ ጋር ከሚያሳልፈው ጊዜ ተቀንሷል፤ በባቡር ድርጅቱ መዝገብ ላይ ግን ያ ቀን መዘግየት ያልነበረበት ቀን ሆኖ ይጻፋል።

ጫናው በሁሉም ላይ እኩል አይወድቅም። የሥራ ሰዓቱን እንዳመቸው ማሸጋሸግ የሚችል ሰው 20 ደቂቃ ቢዘገይ ይበሳጫል እንጂ ብዙም አይጎዳም። ፈረቃ የምትረከብ ነርስ፣ በሰዓት ተሰልቶ የሚከፈለው ሠራተኛ፣ ልጁን ከሕፃናት ማቆያ በተወሰነው ሰዓት መውሰድ ያለበት አባት ግን ዋጋውን በገንዘባቸውና በስማቸው ይከፍላሉ። «ባቡር ዘግይቶብኝ ነው» የሚለው ቃል በአንድ ሳምንት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ሲነገር፣ እውነት ሆኖ ሳለ ሰበብ ይመስላል። በጃፓን የባቡር ኩባንያዎች ከ5 ደቂቃ ጀምሮ ላለ መዘግየት ተሳፋሪው ለአሠሪው ወይም ለትምህርት ቤቱ የሚያሳየው የማረጋገጫ ወረቀት ይሰጣሉ። ወረቀቱ የጠፋውን ጊዜ አይመልስም፤ ይሁንና ጥፋቱ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ስለሚያስቀምጥ ሠራተኛውን ከልምምጥ ያድነዋል። ይህን ያህል ቀላል ነገር በየከተማው የተለመደ አለመሆኑ ያሳዝናል።

[ምስል፦ ሁለት አግድም መስመሮች፤ በላይኛው ላይ ነጥቦቹ እኩል ተራርቀዋል፣ በታችኛው ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠጋግተዋል]

አሁን ደግሞ ሪፖርቶች የሚደብቁትን ነገር እንመልከት። በአንድ መስመር ላይ በሰዓት 6 ባቡሮች ያልፋሉ። በየ10 ደቂቃው አንድ ባቡር ቢመጣ፣ ሰዓት ሳያይ ወደ ጣቢያው የገባ ሰው በአማካይ 5 ደቂቃ ይጠብቃል። እነዚያው 6 ባቡሮች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢመጡና በመካከላቸው ያለው ጊዜ አንዴ 2፣ አንዴ 18 ደቂቃ ቢሆንስ? የባቡሩ ቁጥር አልተለወጠም፤ አማካዩ የጥበቃ ጊዜ ግን ከ8 ደቂቃ ይበልጣል። ምክንያቱም በእያንዳንዱ 20 ደቂቃ ውስጥ ወደ ጣቢያው ከሚገቡት 10 ሰዎች 9ኙ የሚገቡት በረጅሙ ክፍተት ውስጥ ነው። እነዚህ ዘጠኙ ተጠጋግተው ቆመው ሲሄዱ፣ ከ2 ደቂቃ በኋላ የሚመጣው ባቡር ባዶ ወንበር ይዞ ያልፋል። ባቡሮቹን የሚቆጥር ተቆጣጣሪ ከባቡሮቹ ግማሾቹ ሰፊ ቦታ እንደነበራቸው ይመዘግባል፤ ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ደግሞ መተንፈሻ እንዳጡ ይናገራሉ። ሁለቱም አልዋሹም።

ባቡሮች እንዲህ የሚጠጋጉት አሽከርካሪዎች ስለሰነፉ አይደለም። አንድ ባቡር በአንድ ጣቢያ 2 ደቂቃ ቢዘገይ በሚቀጥለው ጣቢያ ከወትሮው የበዛ ሰው ይጠብቀዋል። የሚወርደው ከሚሳፈረው ጋር በበሩ ላይ ይጋፋል፣ አንዱ ቦርሳው ተይዞበት በሩ ተመልሶ ይከፈታል፣ ባቡሩም ከመደበኛው ጊዜ በላይ ይቆማል። መዘግየቱ በየጣቢያው እየተጠራቀመ ሲሄድ ከኋላው ያለው ባቡር የሚጭነው ሰው እያነሰ፣ ቶሎ ቶሎ እየተነሣ ይደርስበታል። አሽከርካሪው «የፊተኛውን ባቡር ርቀት ለመጠበቅ ቆመናል» ብሎ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ሲያቆም ተሳፋሪው ያጉረመርማል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ያ መቆም ክፍተቶቹን እኩል ለማድረግ ከሚያገለግሉት ጥቂት መንገዶች አንዱ ነው።

ሌላው የመዘግየት ምክንያት ከዓይን የተሰወረ ነው። በነባሮቹ መስመሮች ሐዲዱ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ፣ የፊተኛው ባቡር ከአንዱ ክፍል ሙሉ በሙሉ ሳይወጣ የኋለኛው እንዳይገባ በምልክት መብራት ይከለከላል። መብራቱን የሚያዘው መሣሪያ ሲበላሽ ለደኅንነት ሲባል ወደ ቀይ ስለሚለወጥ፣ ማንም ሰው ሳይጎዳ መስመሩ በሙሉ ይቆማል። በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ከዚህ ዓይነቱ መሣሪያ አንዳንዱ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ያለ ነው። ችግሩ ግን በመብራቱ ብቻ አልቆመም፤ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 በዚያው ከተማ በሃርለም ሰፈር አንድ ባቡር ከሐዲድ ወጥቶ ከ30 በላይ ሰዎች ተጎዱ፤ መነሻው ለመለዋወጫ ተብሎ በመስመሩ ላይ የተቀመጠ፣ በአግባቡ ያልታሰረ ሐዲድ ነበር። ከ2 ቀን በኋላ በወቅቱ የኒው ዮርክ ግዛት አገረ ገዢ የነበሩት አንድሩ ኩሞ በከተማው የመጓጓዣ ድርጅት ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ።

ጥገናን ማዘግየት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከበርሊን በላይ የሚያሳይ የለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2009 አንድ የከተማ ባቡር ጎማው ተሰብሮ ከሐዲድ ወጣ። የፌዴራሉ የባቡር ባለሥልጣን ጎማዎች በየጊዜው እንዲመረመሩ አዘዘ፤ ምርመራው በተባለው ጊዜ እንዳልተደረገ ሲታወቅ በሐምሌ አብዛኞቹ ባቡሮች ከሥራ ታገዱ። በመስከረም ደግሞ የፍሬን ጥገና ጉድለት ተገኝቶ ለአገልግሎት የቀሩት ከባቡሮቹ ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት የጥገና ሠራተኛም ጋራዥም ተቀንሶ ነበር። በወጪ ቅነሳ የተገኘው ትርፍ በኩባንያው ሒሳብ ላይ ታየ፤ ኪሳራውን ግን መሳፈሪያ ላይ ቆሞ የከፈለው ሕዝቡ ነው።

መለኪያውም የራሱ ድርሻ አለው። የጀርመን ባቡር ድርጅት 6 ደቂቃ ያልሞላ መዘግየትን በሰዓቱ እንደ መድረስ ይቆጥራል፤ ጭራሽ የተሰረዘ ባቡር ደግሞ ከስሌቱ ውጭ ነው። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር በበኩሉ 2 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሆነ መስተጓጎል ከተሳፋሪዎች ላይ በድምሩ ስንት ሰዓት እንደወሰደ ሲያሰላ ቆይቷል። በዚህ ስሌት በሥራ መግቢያ ሰዓት መሀል ከተማ ላይ የደረሰ ብልሽት፣ ሌሊት ከከተማ ዳር ከደረሰው እጅግ የከበደ ሆኖ ይመዘገባል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው፤ የሚቆጥረው ሰውን ነውና።

[ምስል፦ ወደ መጀመሪያው ሰሌዳ እንመለሳለን፤ አሁንም «3 ደቂቃ» ይላል]

ሰሌዳው ለምን አልተንቀሳቀሰም? ብዙ ሰሌዳዎች ቁጥሩን የሚያወጡት፣ ባቡሩ ካለበት ቦታ ተነሥቶ በተለመደው ፍጥነት ቢጓዝ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድበት በማስላት ነው። የቆመ ባቡር ርቀቱ ስለማይቀንስ ቁጥሩም አይቀንስም። በመቆጣጠሪያ ክፍል ያለው ባለሙያ ግን ባቡሩ መቆሙን ያያል፤ መቼ እንደሚነሣ በትክክል ባያውቅም የሚያውቀውን መናገር ይችላል። «ባቡሩ በሐዲድ መቀየሪያ ብልሽት ምክንያት ቆሟል፤ ከ15 ደቂቃ በፊት አይደርስም፤ አዲስ መረጃ ከ5 ደቂቃ በኋላ እንሰጣለን» የሚል ማስታወቂያ ለመናገር ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ይህን የሰማችው ነርስ ወደ ሥራ ቦታዋ ደውላ ባልደረባዋ ትንሽ እንድትቆይላት ትጠይቃለች፣ አባትየው ወደ ሕፃናት ማቆያው ይደውላል፣ እግሩ የበረታውም ደረጃውን ወጥቶ በአውቶቡስ ይሄዳል።