ከሸዋ ሮቢት እስከ ጣርማበር ያለው ቅዝቃዜ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደብረ ብርሃን ነኝ። ጋቢዬን ደርቤ ነው የማወራችሁ፤ የማነሳውም ነገር ከዚሁ ብርድ ጋር የተያያዘ ነው፤ በአማርኛ አንድ የሚመስሉን የእንግሊዝኛ ቃላት እንዴት እንደሚለያዩ።

አክስቴ ሁለት ክፍል ለእንግዳ ታከራያለች። ባለፈው ዓመት የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። «አየሩ ቀዝቃዛና ተስማሚ ነው በልልኝ፣ ልጄ» አለችኝ። መዝገበ ቃላቱ ቀዝቃዛን «ኮልድ» ስለሚል እንዳለ ጻፍሁት። ከዚያ ወዲህ የደወለ የውጭ አገር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ማሞቂያ አለ ወይ ብሎ ነው። አክስቴ ስታሞግሰው የነበረውን አየር እኔ ማስጠንቀቂያ አድርጌባት ነበር። በጣም አዘንሁ።

እንግሊዝኛ ቅዝቃዜን የሚጠራባቸው ቃላት ልዩነት የገባኝ በመንገድ ላይ ነው። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነስታችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ጣርማበር ላይ ከመኪና ስትወርዱ የሚቀበላችሁ ነፋስ ያሳርፋችኋል። እንግሊዝኛ ይህን «ኩል» ይለዋል። ጥቂት ስትቆዩ ትከሻችሁን መሰብሰብ ትጀምራላችሁ፤ ያ «ቺሊ» ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ «ኮልድ» ይመጣል። «ፍሪዚንግ» በቁሙ ውሃ የሚረጋበት፣ 0 ዲግሪ ነው፤ ሰዎች ግን በጣም ሲበርዳቸውም ይሉታል። እንግዲህ ቴርሞሜትር ብቻውን አይለያቸውም፤ የተናጋሪው ገላ ደስ መሰኘቱም መቸገሩም በቃሉ ውስጥ አለ።

እኛስ? ቀዝቃዛ ውሃ እንላለን እንጂ ብርድ ውሃ አንልም። ጣት ሲደነዝዝ ቆፈን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ ሲነጣ ውርጭ እንላለን። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፤ ቃላቱን ከነጓደኞቻቸው ስለሰማናቸው ነው። ስለዚህ አሁን አንድ የእንግሊዝኛ ቅጽል ሲያጠራጥረኝ የአማርኛ ፍቺውን ትቼ የምሳሌ ዓረፍተ ነገሮቹን አነባለሁ፤ ከየትኛው ስም ጋር ይውላል? የሚናገረው ሰው ወዶ ነው ወይስ ተማሮ?

በዚያው ማስታወቂያ አንኮበርንም «ሂስቶሪካል» ብዬው ነበር። እሱ ካለፈው ዘመን ጋር የተያያዘ ነገር ሁሉ የሚጠራበት ነው፤ ስላለፈ ዘመን የተጻፈ ልቦለድም «ሂስቶሪካል» ይባላል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ለነበረ፣ በታሪክ ትልቅ ስፍራ ላለው ከተማ የሚገባው «ሂስቶሪክ» ነው። አማርኛችን ሁለቱንም ታሪካዊ ስለሚል ሳይታወቀኝ አንኮበርን አሳንሼው ነበር።

ማስታወቂያውን አስተካክዬ፣ «ኩል» አድርጌ ለአክስቴ አነበብሁላት፤ ትርጉሙንም ነገርኋት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ቀኑስ ደግ ነው፣ ልጄ። ሌሊቱንም እንደዚያ ካልህ ግን እንግዳ ማታለል ነው» አለችኝ። ለቀኑ «ኩል»፣ ለሌሊቱ «ኮልድ» ብዬ ለየሁት። ከግርጌው ደግሞ ብርድ ልብስ በብዛት እንዳለ እንድጨምር አዘዘችኝ፤ ጨመርሁ።